የልጄን ጋውን የለበሰችው ሴትዮ

«ሴትዮዋ ሌባ ሳትሆን አትቀርም» አለች እናቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የልጄን ጋውን ለብሳ ነው እዚህ ቤት ውስጥ የምትንጎራደደው። ባላየውም በእጄ ነክቼዋለሁ። ያ ኪሱ የተቀደደው ነው።»

ትልቋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጥርሷን እየቦረሸች ነበር። ብሩሹን አፏ ውስጥ እንደያዘች ቀጥ አለች። ሳሎን ከእናቷ ጎን የተቀመጡት ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጡት አዋላጅ ነበሩ። ትልቋ ሥራ በምትውልበት ጊዜ እናቷን የሚጠብቁላት እሳቸው ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ሹራባቸውንና ኪሮሻቸውን ይዘው ብቅ ይላሉ።

«ኧረ በስመ አብ! ትልቋ እኮ ናት» አሉ አዋላጇ። «የራስሽ ልጅ!»

«ትልቋን አጣኋት እንዴ እኔ?» እናቷ ተቆጣች። «ትልቋ በበር ስትገባ ወለሉ ይናገራል። ሶፋው ላይ ስትቀመጥ እኔ ወደ እሷ እንሸራተታለሁ። ይቺ እንደ ድመት ነው የምትሄደው። ድምጿን እንኳ ከልጄ ነው የሰረቀችው። ብቻ ዝም በይ፤ እንዳትሰማን።»

ትልቋ አፏን ተጉመጠመጠችና ቧንቧውን ዘጋች። ከመታጠቢያው በላይ ያለው መስታወት ውስጥ ጉንጯ የጎደጎደ፣ አንገቷ የተሸበሸበ ሴት ቆማለች። እሷም ራሷ ሳታስበው ስትመለከታት አንዳንዴ ትደነግጣለች፤ እናቷን ልትፈርድባት አልቻለችም።

ቤተሰቡ «ትልቋ» የሚላት በሁለት በኩል ነው። የመጀመሪያ ልጅ ናት፤ ደግሞም ትልቅ ነበረች። አባታቸው ሲሞት ታናናሾቿን ያሳደገች እሷ ናት፤ እነሱ አድገው፣ አግብተው፣ ቤት ይዘው ሲወጡ ከእናቷ ጋር የቀረችውም እሷው ናት። ሁለቱን ትርጉም ማንም ለይቶ አያውቀውም ነበር፤ እሷም ሲጠሯት «አቤት» ከማለት በቀር የትኛውን ማለታችሁ ነው ብላ ጠይቃ አታውቅም። ጉልበቷ ደረጃ አልወጣ ሲል፣ ስኳሯ አልወርድ ሲል፣ በእንቅልፏ ትንፋሿ ቁርጥ እያለ እናቷን ሲያስደነግጣት፣ ወንድሟ ጎትቶ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። ሐኪሙ ምርመራውን አይቶ ሲያበቃ፣ «እናትሽን የሚያስታምማቸው ማነው?» አላት። «እኔ ነኛ» አለችው። «እንግዲያው ምረጪ» አላት፤ «አንቺ ትቀብሪያቸዋለሽ ወይስ እሳቸው ይቅበሩሽ?» ከዚያ በኋላ የሚያሳምናት ሰው አላስፈለጋትም። ጨጓራዋን ቆርጠው የሙዝ ያህል አስቀሩላት። ከሰመመን ስትነቃ አንዲት ነርስ በመድኃኒት ክዳን ውሃ አመጣችላት፤ ግጥም ልታደርገው ስትል፣ «ቀስ! ይሄ ለብዙ ሰዓት ነው» አለቻት። ትልቋ ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ ስፌቱ ወጋት። ቀልድ አልነበረም።

ይኸው ዓመት ሊሞላት ነው። ስኳሯ ወረደ፣ ጉልበቷ ተፈታ፣ ትንፋሿ ተመለሰ። ፀጉሯ ግን በማበጠሪያው እየተጠቀለለ ሄደ፤ ሰው ሁሉ በሚሞቀው ቀን እሷን ይበርዳታል። ቆዳዋም አብሯት አልከሳም፤ ክንዷ ሥር፣ ሆዷ ላይ፣ ጭኗ ላይ እንደ ሰፊ ልብስ ተንጠልጥሎ ቀረ። እናቷ የዳሰሰችው ያንን ነው። ዓይኗን የዓይን ግፊት ከወሰደባት ቆይቷል፤ አእምሮዋንም ከዚያ ወዲህ የመርሳት በሽታ እየሸራረፈ ይበላዋል። ልጇን የምታውቃት በክንዷ ነበር፤ እጅ በሚሞላ፣ በሚሞቅ ክንድ። ሌላው ሁሉ ሲጠፋባት ያ ክንድ አልጠፋባትም ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ጠዋት ትልቋ ልታስነሳት ስትደግፋት፣ እናቷ ያንን ልል ቆዳ በጣቶቿ ያዝ አደረገችና ለቀቀችው፤ አንገቷን ሰበር አድርጋም፣ «ይቅርታ፣ እርስዎ ማነዎት?» አለቻት። አሮጊት መስላታለች። ብትሰድባት፣ ብትገፈትራት ይሻላት ነበር። ከወለደቻት ጀምሮ አንቺ ስትላት የኖረች እናት፣ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ አንቺ ብላት አታውቅም።

ለብሳ ወጣች። «ደህና አደርሽ እማዬ።»

«ደህና፤ እርስዎ እንዴት አደሩ?» አለች እናቷ፤ የጎረቤቷን ጉልበት ጎሸም እያደረገች።

ትልቋ የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ በሻይ አቀረበችላት። እናቷ ሳህኑን በመዳፏ ቀስ ብላ ወደ ጠረጴዛው መሃል ገፋችው። «ይቆይልኝ፤ ልጄ ስትመጣ አብረን እንበላለን» አለች። ትናንት ማታም እንደዚሁ ብላ ነው ያደረችው። አዋላጇ ለትልቋ «ሂጂ ግዴለሽም፣ አባብላታለሁ» የሚል ምልክት በዓይናቸው ሰጧት፤ ደረጃው ላይ ግን ተከትለዋት ወጡና፣ «አንድ ነገር ይደረግ እንጂ ልጄ፣ ይቺ ሴት እኮ ባዶ ሆዷን ነው» አሏት።

ታክሲው ውስጥ ከኋላ ወንበር አራተኛ ሆና ገባች። ድሮ ረዳቱ ገና ከሩቅ ሲያያት፣ «ትልቋ፣ የሁለት ሰው ትከፍያለሽ!» ይላት ነበር፤ ስሟን የሚያውቅ ይመስል። ተሳፋሪው ይስቃል፤ እሷም፣ «አንዱን በነፃ ጫነኝ እንጂ፣ ግማሼ ሕፃን ነው» ብላ አብራ ትስቃለች። ያው ረዳት ዛሬ ክርኗን ደገፍ አድርጎ አስገባትና «ጠጋ ጠጋ በሉላት» አለ። አላወቃትም። እሷ ግን ታውቀዋለች። አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ትከሻው ትከሻዋን ሲነካት ይቅርታ ጠየቃት። ይህ ሁሉ ደግነት ለማን እንደሆነ ሊገባት አልቻለም። ያቺኛዋ ሴት ምን በድላው ነበር?

የምትሠራው ሆቴል ውስጥ ነው፤ የልብስ ንጽሕና ክፍል ኃላፊ ናት። ክፍሉ ከምድር በታች ነው፤ በረኪናና እርጥብ ጥጥ ይሸታል፤ ማሽኖቹ ሲሽከረከሩ ሰው የሚነጋገረው እየጮኸ ነው። አንሶላ ሁለት ሰው ሆኖ ጫፍና ጫፉን ይዞ፣ ተቀራርቦና ተራርቆ ይታጠፋል። የትልቋ ጓደኛ በካውያ የምትሠራው ሴት ናት፤ ሥራሽ ምንድነው ሲሏት «ተኳሽ ነኝ» ብላ ስለምትመልስ ስሟ ተኳሿ ሆኖ ቀርቷል።

«ኧረ ዛሬ ደግሞ ቀጥነሽ ቀጥነሽ በሩን ሳትከፍቺው ገባሽ!» አለቻት ተኳሿ ገና ስታያት። «ሥራ አስኪያጁ ትናንት ስለ አንቺ ሲጠይቅ ነበር። አዲስ የተቀጠረች መስላው!»

«አዲስ ነኛ» አለች ትልቋ።

ሴቶቹ ሳቁ። ሁሉም የሚነግራት አንድ ነገር ነው፦ አማረብሽ፣ ወጣት ሆንሽ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ደስ ያላት ቀኖች ነበሩ፤ አይዋሽም። የወደቀ አንሶላ ጎንበስ ብላ ስታነሳ፣ የጫማዋን ማሰሪያ ራሷ ስታስር ደስ ብሏት ያውቃል። ግን ሰው እንኳን ደስ ያለሽ ባላት ቁጥር የሞተ ሰው ቤት ገብቶ የሚስቅ ይመስላት ጀምሯል። ዛሬ አንሶላ ሲያጥፉ ተኳሿ ሌላኛውን ጫፍ ይዛ ስትቀርብ ፊቷን አየችና ሳቋን ዋጠች።

«እናትሽ ናቸው?»

«ሌባ አለችኝ።»

አንሶላውን አጠፉት፣ ሌላ አነሱ፣ ያንንም አጠፉት። ኋላ ተኳሿ፣ «እስቲ ጠጋ ብለሽ እቀፊያቸው» አለቻት። «እናት ሽታ አይጠፋትም።»

«አቅፌያት ነበር። ጮኸች።»

ከረፋዱ በኋላ ስልኳ ጠራ። አዋላጇ ናቸው። እናቷ ከወንበር ስትነሳ ራሷን አዙሯት ተዝለፍልፋ ነበር፤ ደግነቱ እሳቸው ደርሰው ይዘዋታል። ምንም አልቀመሰችም። «ለወንድምሽ ደውዬለታለሁ» አሉ፤ ትንሽ አፍረው። «ዛሬውኑ መጥቼ እወስዳታለሁ ነው ያለው። አትቆጪኝ። እኔ ዘመኔን ሁሉ ሕፃን ሳዋልድ ኖርኩ፤ አሮጊት በረሃብ ስትሞት ቁጭ ብዬ ማየት አልችልም።»

ትልቋ አልተቆጣችም። አስፈቅዳ ወጣች። ቤት ስትደርስ እናቷ ሶፋው ጥግ ላይ ተኮራምታ፣ ከንፈሯ ደርቆ ተቀምጣለች። ትልቋ ልብሷን ሳትቀይር ወጥ ቤት ገባች። የአትክልት ሾርባ ሠራች፤ ድንቹን ቀቅላ ፈጨችበት፣ ቅቤ ጣል አደረገችበት፣ እናቷ እንደምትወደው አወፈረችው። ሁለት ጎድጓዳ ሳህን ሞልታ ይዛ መጣች። የመርሳት በሽታው ከገባባት ጀምሮ እናቷ የምትበላው የልጇ ማንኪያ ሲንቀሳቀስ ከሰማች ብቻ ነው፤ አንድ ትልቋ፣ አንድ እሷ፤ አንድ ትልቋ፣ አንድ እሷ። ትልቋ ስንት ዓመት ሳይርባት በልታለች፤ እናቷ ትጉረስ ብላ ስትጎርስ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባዶ ማንኪያ ሳህን ላይ ማንኳኳት ጀምራ ነበር። እናቷ ግን ጆሮዋ አልታመመም፤ ባዶ ማንኪያ ታውቃለች።

ዛሬ የምሯን ልትበላ ወሰነች። አጠገቧ ሳይሆን ፊት ለፊቷ ተቀመጠች፤ ምንም አልተናገረችም። ማንኪያዋን ሞልታ ጎረሰችና ዋጠች። እናቷ ጆሮዋን ቀና አደረገች። ትልቋ ደገመች። የእናቷ እጅ ጠረጴዛው ላይ እየዳሰሰ ማንኪያ ፈለገ፤ አገኘ። በላች። ትልቋ ጎረሰች፤ እናቷ ጎረሰች። የእናቷ ጉንጭ ላይ ቀለም ሲመጣ ይታያታል። ሐኪሙ ግማሽ ሲኒ ካለፈ አቁሚ ብሏታል፤ ግማሽ ሲኒው ካለፈ ቆይቷል። ደረቷ መሃል ድንጋይ የተቀረቀረ መሰላት፣ ላብ አጠመቃት፣ ልቧ ይመታል። የእናቷ ሳህን ውስጥ ገና ብዙ አለ። ትልቋ ዓይኗን ጨፍና ጎረሰች።

«ጣፍጧል» አለች እናቷ ለራሷ።

ሳህኑ ሊያልቅ ሲል ትልቋ አልቻለችም። አፏን ይዛ ሮጠች። መታጠቢያ ቤት ወለሉ ላይ ተንበርክካ የበላችውን ሁሉ ከእንባዋ ጋር አወጣችው፤ ሲያልቅም ባዶውን ይገላብጣታል። ከኋላዋ ግድግዳ የሚዳስስ እጅ ሰማች። እናቷ ናት። ረፋዱ ላይ ከወንበር ስትነሳ የተዝለፈለፈችው እናቷ በሩን አግኝታ፣ ትከሻዋን አግኝታ፣ ጎንበስ ብላ ጀርባዋን ታሻሻት ጀመር፤ ታናናሾቿ በልጅነታቸው ሲያስታውካቸው እንደምታሻሻቸው፣ ከላይ ወደ ታች።

«አይዞዎት፣ ይውጣልዎት» አለች። ጣቶቿ የጀርባ አጥንቷን አንድ በአንድ እየነኩ ወረዱ። «ምነው እንዲህ አጥንት ሆኑ? የሚያበላዎት ሰው የለም?»

ትልቋ አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«ልጅ የለዎትም?»

«የለኝም።»

«እናትስ?»

«እናት አለኝ።»

«ታዲያ ምን ትሠራለች?» አለች እናቷ፤ የምር ተናዳ። «ልጇ እንዲህ ሆና ዝም ትላለች?»

ትልቋ ግንባሯን የመታጠቢያው ጠርዝ ላይ አሳረፈች። ያ እጅ ጀርባዋ ላይ እንዲቆይ ስለፈለገች ቶሎ አልተነሳችም።

ወንድሟ ከሰዓት በኋላ መጣ። መድኃኒት ቤት አለው፤ ንጹሕ ሰው ነው፣ ሁልጊዜ ሳኒታይዘር ይሸታል፤ እናቱ ገና ከበሩ በጠረኑ አወቀችውና ፊቷ በራ። ግንባሯን ሳማት። ትልቋን ግን ሲስማት ዓይኑን አሸሸ። ያንን ሐኪም ያገኘላት እሱ ነው፤ ከጎኗ ሆኖ ፈርሞላታል፤ ስትነቃም እጇን ይዞ ያለቀሰው እሱ ነው።

ወጥ ቤት ውስጥ ቆሙ። የውሃ ጠብታ ይሰማል።

«እትዬ፣ ተቀይመሽኛል?»

«ለምን እቀየምሃለሁ?»

«ሚስቴ ቀኑን ሙሉ ቤት ናት። ክፍልም አለን። እኔን ታውቀኛለች፣ ትበላልኛለች። ለጊዜው ነው። አንቺም ትንሽ ታርፊ…»

«አላርፍም» አለች ትልቋ። «ውሰዳት ግን።»

ወንድሟ ሊያቅፋት ፈልጎ እጁን ዘረጋና መልሶ ኪሱ ከተተው። ድሮ ሲያቅፋት እጁ ዞሮ አይገናኝለትም ነበር፤ በዚያም ይቀልድባት ነበር። ሁለቱም ያንን ያሰቡ ይመስላሉ።

የእናቷን ልብሶች አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ደረደረች፤ አንሶላ ማጠፍ የለመደው እጇ ሳያስበው ይሠራል። መድኃኒቶቿን፣ ሹራቧን፣ የማታ ካልሲዋን ከተተች። ሳሎን ውስጥ ግን ነገሩ ተበላሽቶ ነበር። እናቷ የሶፋውን ክንድ በሁለት እጇ ጨብጣ አልነሳም ብላለች።

«አልሄድም! ትልቋ ስትመጣ ታጣኛለች።»

«እማዬ፣ ትልቋ እኮ…» ወንድሟ ወደ እህቱ ዞረ፤ ጨነቀው። «ትልቋ እኮ ይቺው…»

ትልቋ ራሷን ነቀነቀችበት። አዋላጇ ሹራባቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። ትልቋ የእናቷን ጫማ አነሳችና እግሯ ሥር ተንበረከከች። ድሮ ይህንን አትችልም ነበር፤ ሶፋው ላይ ተቀምጣ የእናቷን እግር ወደ ጭኗ ስባ ነበር የምታጫማት። አሁን ጉልበቷ እንደ ልጅ ይታጠፋል። አንዱን እግር አጫማች። ከዚያ ቀና ብላ፣ በሕይወቷ ብላት የማታውቀውን አለቻት።

«እኔ እዚሁ ነኝ። ልጅዎ ስትመጣ የት እንደሄዱ እነግርልዎታለሁ።»

ሶፋውን የጨበጡት የእናቷ እጆች ላላ አሉ። «እውነትዎን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

«አይረሱም?»

«አልረሳም። ምን ልበልልዎት?»

እናቷ አሰበች። ሁለተኛውን እግሯን ለጫማው ራሷ ዘረጋች። «ትብላ ይበሉልኝ» አለች። «እኔ ከሌለሁ ቁጭ ብላ አትበላም፤ ቆማ ያገኘችውን ነው አፏ የምታደርገው። ቁጭ ብላ ትብላ።» እግሯን ጫማው ውስጥ አስተካከለች። «ደግሞ ሰው ሲቀልድባት አብራ ትስቃለች። ከልቧ እንዳልሆነ አውቃለሁ ይበሉልኝ። እኔ እናቷ ሁልጊዜም አውቅ ነበር።»

ትልቋ የጫማውን ማሰሪያ ይዛ ቀረች። ወንድሟ ወደ መስኮቱ ዞሯል።

«እነግርልዎታለሁ» አለች።

እናቷ ተነሳች። በልጇ ክንድ፣ በዚያ ባላወቀችው ክንድ ተደግፋ ደረጃውን ወረደች፤ ታች ስትደርስም ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ፣ «ብዙ ደከሙ፤ ውለታዎን ይክፈልልኝ» አለቻት። ወንድሟ ደግፎ መኪናው ውስጥ አስቀመጣት፣ ቀበቶዋን አሰረላት፣ ሻንጣውን ከኋላ ጫነ። ሞተሩን ሲያስነሳ እናቷ የመሰናበቻ እጇን በመስኮቱ አውጥታ ማወዛወዝ ጀመረች፤ ያወዛወዘችው ግን በሌላው ወገን፣ ማንም ወዳልቆመበት ወደ አጥሩ ነበር። ትልቋ በመኪናው ኋላ ዞራ ሮጠች። ከልጅነቷ ወዲህ መንገድ ላይ ሮጣ አታውቅም። መኪናው ሲንቀሳቀስ ደረሰችበትና የእናቷን እጅ ያዘችው፤ ፍጥነት እየጨመረ ሲሄድም አብራው እየሮጠች፣ መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ አልለቀቀችውም።